በቃለ ጉባኤው ያልገባ

ወር በገባ የፊተኛው ሐሙስ፣ ሲመሽ፣ ሞራቫ ወንዝ ዳር፣
የእሳት አደጋ ጓዶች መኪናቸውን ገፍተው ወደ በር
ግማሽ አዳራሽ ይለቁልናል፤ መብራቱን እንድናጠፋ አደራ።
አሥራ አንድ ነን። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ሥራዬ መዝገብ ነው፣ ተራ፦
ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ሳያስፈቅድ እንደቀረ።
ሣጥኖች ሲከፈቱ ናፍታሊኑ እንግዳ ያስነጥሳል፤
እኛን ግን ያባብላል።

ክቭዬታ ቀደመች። ነጭ አንሶላ አጥሯ ላይ ወጥራ፣
ከመብራቷ ፊት፣ በርጩማ ላይ፣ ሌሊቱን ተቀምጣ አድራ፣
የእሳት ራት ቆጥራለች፦ መቶ አርባ ሦስት። «በዚያው አጥር፣
አባቴ በሰኔ ሲቆጥር፣
አንሶላው ይጠቁር ነበር» አለች። ከዚያ ሻይዋን ጠጣች።

አሎይስና ሚሎስላቭ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም፤
የዝንብ እግር ፀጉር ሦስት ነው አራት፣ ተጣልተው አልታረቁም።
ሰላምታቸው በእኔ ያልፋል፤ «ንገሪው» ይለኛል አንዱ፤
ወንበራቸው ግን ጎን ለጎን ነው፣ በአንድ መንገድ ነው የሚሄዱ።

ኦታካር እስከዚያ አልተነፈሰም። ሰማንያ ሁለት ደፍኗል።
እንደ ሰረቀ ሰው፣ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ልኳል፤
የክብሪት ቀፎ አወጣ፣ በአውራ ጣቱ ገፋው።
ጥጥ ላይ ጥንዚዛ ተኝቷል፦ ቀንዱ ከገላው የረዘመ፣
ጀርባው የጠርሙስ ስባሪ፣ አረንጓዴ፣ የለመለመ፣
ከጎርፉ ዓመት ወዲህ በዚህ ወንዝ ማንም ያላየው።
ወንበር ወደቀ። አሎይስ ሚሎስላቭን «አየህ?» አለው፤
(ሰዓቱን ጽፌዋለሁ፣ ከምሽቱ አንድ ተኩል ነው።)
መለያዋ ላይ፦ «ሰኔ ሰባት፣ ዘንድሮ። ወፍጮው አጠገብ፣ ኦክ።»

ቦህዳና ማጉያዋን ዓይኗ ላይ ሰካች፤
በብርኖ ታስተምራለች፣ ለስሕተት አትራራም።
ጎንበስ አለች። ቆየች።
እኔ ከጎኗ ነበርኩ፤ የሚታየውን አየሁ፦
የመርፌው አንገት አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል፣
ዝገት ደግሞ በአንድ በጋ አይበቅልም፤
የኋላ እግሩ በሙጫ ተጠግኗል፣ ሙጫውም እንደ ማር ጠቁሯል፤
ትኩሱ ቀለሙ ብቻ ነው፣ እጁም የኦታካር።
ጥጡንም አወቅኩት። እንዲያ የምታባዝተው ሉድሚላ ነበረች፣
በመጋቢት የቀበርናት፣
ጥንዚዛ ስታነሣ ትንፋሿን የምትይዘው ሚስቱ።

እውነትና ንጋት እያደር ነው የሚጠራው፤
እዚህ ግን ከመርፌ አንገት ላይ፣ በአንድ አፍታ ጠራ።

ቦህዳና ቀና አለች። አላያትም፤
የቀፎውን ጠርዝ በጥፍሩ ይፈቀፍቃል።
«የትኛው ኦክ?» አለችው።
ሌላ ቃል አልጨመረችም።
«ሉድ…» ብሎ ጀመረና፣ «መብረቅ የሰነጠቀው» አለ።
«ቅዳሜ እንሂድ።»

ቅዳሜ ዘነበ። ዘጠኛችን ሄድን።
ኦታካር በከዘራው ሁላችንን ቀደመን፤
ዛፉ ሥር ሲደርስ ቅርፊቱን እንደ ታመመ ፈረስ
በመዳፉ መታ መታ አደረገው።
ባትሪ አበራን። ጉንዳን፣ ቀንድ አውጣ፣
ትንኝ (ትንኝን ማንም አይቆጥር)። ጥንዚዛ የለም።
ልንመለስ ስንል፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣
ሚሎስላቭ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ «ና!» አለ፤
ማንን እንደጠራ አልገባኝም፣
አሎይስ ግን ሄደ።

ቀዳዳ። ሞላላ፣ ትንሽ ጣት የምታስገባ፤
ከሥሯ የእንጨት ዱቄት፣ ነጭ፣ ገና ዝናብ ያልነካው።

«እሱ ነው!» «አይደለም፣ ጠርዙን እየው!»
«ስድስት ሚሊሜትር!» «የምን ስድስት፣ ስምንት ነው!»
እስከ እኩለ ሌሊት ዣንጥላ ሥር ተከራከርን።
ኦታካር ብቻ ጣቱን ቀዳዳው አፍ ላይ አኑሮ
የሚተነፍስ ነገር እንዳለ ያህል ጠበቀ።
ኋላ እርሳሴን ለመነኝ። መለያዋን ከመርፌው ነቅሎ
ጀርባዋ ላይ ጻፈ፣ መልሶም ሰካት።
አላነበብኩም። እርሳስ ዝናብ አይፈራም፤
ለዚህ ነው በእርሳስ የምንጽፈው።

መዝገቡ ላይ እንዲህ አስገባሁ፦
«አራተኛ አጀንዳ። የጥንዚዛው ቀን ይጣራል።
ዛፉ ላይ ቀዳዳ ተገኝቷል፤ ውስጡ ማን እንዳለ አልተስማማንም።
ወንፊት ተሸፍኖበታል።
ኦታካር በየማለዳው ሄዶ ያያል።»